ኮምፓይለር አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ፕሮግራሞች አልነሳ ካሉ፦ ደረጃ በደረጃ ማስተካከያ

«ጂሲሲን አፕዴት አደረግኩት፤ አሁን ትናንት ሲሠራ የነበረው ፕሮግራም አልከፈት አለኝ። ምን ላድርግ?»

ይቺ ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም እየተመላለሰች ትደርሰኛለች። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሲ++ ፕሮጀክት የያዙ ተማሪዎች ናቸው። ጂሲሲ የጻፉትን ኮድ ወደሚነሳ ፕሮግራም የሚቀይርላቸው ኮምፓይለር ነው፤ ለሲ++ የሚጠሩት ጂ++ በሚለው ትእዛዝ ነው። አንዳንዶቹ ስህተቱ እንደመጣ ይደውላሉ። ከእነሱ ጋር በአሥር ደቂቃ እንጨርሳለን። ሌሎቹ ግን የሆነ ፋይል ሰርዘው፣ የሆነ ሊንክ ቀይረው፣ ማሽኑን ሪስታርት አድርገው ነው የሚደውሉት። ያኔ ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ላፕቶፑን ይዞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ወይም መውጣትም ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው አልኩ።

መመሪያው ለኡቡንቱና ለዴቢያን ነው፤ 64 ቢት ለሆነ የተለመደ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ።

ትእዛዞቹን በስልክ ለሚጠይቀኝ ሰው እንደማነብለት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ ስትመቱ ግን በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው። ትልቅ ፊደል የሚፈልግ ቦታ ካለ እዚያው እነግራችኋለሁ። ሰረዝ፣ ነጥብና ክፍት ቦታ እንዳሉ ይጻፋሉ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ

የጋራ ላይብረሪ እንደ ዕድር ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ቤት ድንኳንና ትልቅ ድስት አይገዛም፤ ሲያስፈልገው ከዕድሩ ይወስዳል። በሲ++ የተጻፉ ፕሮግራሞችም ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6 ከሚባል አንድ ፋይል ይዋሳሉ። አዲስ ኮምፓይለር ሲወጣ በዚህ ፋይል ዝርዝር ላይ አዲስ ዕቃ ይጨመራል፤ የቀድሞው አይነሳም። ስለዚህ አዲስ ላይብረሪ የድሮ ፕሮግራም ያስተናግዳል። የድሮ ላይብረሪ ግን በአዲስ ኮምፓይለር የተሠራ ፕሮግራም ሲመጣበት «የጠየቅከኝ ዕቃ የለኝም» ይላል።

ሰው የሚያሳስተው ስሙ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው 6 ከ2004 ጀምሮ አልተቀየረም። ኮምፓይለሩ (ጂሲሲ) 9 ይሁን 13 ስሙ ያው ነው። ስለዚህ «ፋይሉ እኮ አለ!» ትላላችሁ። አዎ፣ አለ። የጎደለው ውስጡ ያለው ዝርዝር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ቀን ያለ ባትሪ አትጀምሩ።
- 8 ጊጋ ፍላሽ፣ የራሳችሁ ዓይነት ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ተጭኖበት በፍላሹ የሚነሳ። ምናልባት አትነኩትም። ካስፈለገ ግን ሌላ ምንም አይተካውም።
- ጥቂት ዳታ። ዋናው ፓኬጅ 1 ሜጋባይት አይሞላም፤ ለዚህ ብላችሁ ትልቅ ፓኬጅ አትግዙ።
- ካሜራ ያለው ስልክ። ስህተቱን ፎቶ አንሱት። በቃል የተነገረኝ ስህተት አንድም ቀን ሙሉ ሆኖ ደርሶኝ አያውቅም።
- የሱዶ ፓስወርድ፤ ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ለማስኬድ የሚጠየቀው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የማይነኩ ነገሮች

ማስጠንቀቂያ 1። ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6 የሚለውን ሊንክ (ወደ ዋናው የላይብረሪ ፋይል የሚያመለክተውን ስም) በእጃችሁ አትሰርዙ፣ ወደ ሌላ ፋይልም አታዙሩት። ምክንያቱም ፓኬጆችን የሚጭነው አፕት ራሱ የተጻፈው በሲ++ ነው። ላይብረሪው ሲጠፋ አፕትም አብሮ ይሞታል። መጠገኛውን በገዛ እጃችሁ ሰበራችሁት ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ 2። ሊብሲ.ኤስኦ.6 የሚባለውን በፍጹም አትንኩ። ስሙ ይመሳሰላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚዋሱበት መሠረታዊው የሲ ላይብረሪ (ሊብሲ ወይም ግሊብሲ) ነው። ይኼኛው ከሄደ ፋይል የሚዘረዝረው ትእዛዝ፣ የሚገለብጠው፣ ሱዶ፣ መግቢያ ገጹ ሁሉ ይቆማሉ።

ማስጠንቀቂያ 3። ጨርሳችሁ ሳታረጋግጡ ሪስታርት አታድርጉ። አሁን የተከፈተው ተርሚናል የሚፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ ስለጫነ እየሠራ ሊቆይ ይችላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ያኔ መግቢያ ገጹ ላይ ላትደርሱ ትችላላችሁ።

ደረጃዎቹ

1. ስህተቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ የላከችልኝ ፎቶ ላይ እንዲህ ይላል፦

./ሂሳብ፦ /ሊብ/ኤክስ86_64-ሊኑክስ-ግኑ/ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6፦ ቨርዥን ግሊብሲኤክስኤክስ_3.4.32 ኖት ፋውንድ፣ ሪኳየርድ ባይ ./ሂሳብ

እዚህ አንድ መስመር ውስጥ ሦስት ነገር አለ። የጠየቀው ማን ነው? ሂሳብ የሚባለው ፕሮግራሟ። የተጠየቀው ማን ነው? በሲስተሙ ፎልደር ያለው ላይብረሪ። የጎደለው ምንድን ነው? በላይብረሪው ዝርዝር ውስጥ መኖር የነበረበት 3.4.32 የሚል ምልክት። የእሷ ማሽን ኡቡንቱ 22.04 ነበር። ፕሮግራሙን ደሴ ያለ ጓደኛዋ 24.04 ላይ ኮምፓይል አድርጎ በፍላሽ ነው የሰጣት። በኮምፓይለር 13.2 ከተሠራ ደግሞ ስክሪን ላይ «ሰላም» ብቻ የሚጽፍ ፕሮግራም እንኳን 3.4.32ን ይጠይቃል። ማሽኗ ምንም አልሆነም ነበር። እሷ ግን ተበላሸ ብላ ሲስተሙን እንዳለ ልትደመስስ ነበር።

የምታዩት ስህተት ከአራቱ አንዱ ይሆናል፦

- «ቨርዥን ግሊብሲኤክስኤክስ እንዲህ ኖት ፋውንድ» ካለ፣ ላይብረሪው አለ፤ ዝርዝሩ ግን አጭር ነው። ወደ ደረጃ 2 እለፉ።
- «ካኖት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» ካለ፣ ፋይሉ ራሱ አልተገኘም። ይህም ወደ ደረጃ 2።
- «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ወይም «አንዲፋይንድ ሲምቦል» ብሎ መሃሉ ላይ ሲኤክስኤክስ11 የሚል ካለበት፣ ቀጥታ ወደ ደረጃ 8።
- «ቨርዥን ግሊብሲ_2 ነጥብ ስንትና ስንት ኖት ፋውንድ» ካለ፣ መጨረሻው ላይ ኤክስ ኤክስ እንደሌለው ልብ በሉ። ይህ የሊብሲ ጉዳይ ነው። በእጅ አይስተካከልም፤ ደረጃ 7ን ብቻ ተመልከቱ።

2. የሩት (የአስተዳዳሪ) ተርሚናል ክፈቱና ክፍቱን ተዉት።

ሱዶ -አይ

የዶላር ምልክቱ ወደ # ሲቀየር ገብታችኋል። ይህን መስኮት አትዝጉት፤ ሌላ ሥራም አትሥሩበት። ሱዶ መሃል ላይ ቢበላሽ እንኳ የማስተካከል ሥልጣን ያለው አንድ በር ክፍት ይሆንላችኋል ማለት ነው። ለምርመራው ሁለተኛ ተርሚናል በራሳችሁ ስም ክፈቱ።

3. ፕሮግራሙ የትኛውን ፋይል እየጫነ እንደሆነ እዩ።

ኤልዲዲ ./ሂሳብ | ግሬፕ ኤስቲዲሲ

መልሱ ላይ ከቀስቱ በስተቀኝ የፋይሉ አድራሻ ይመጣል። ከዚህ ደረጃ የሚበልጥ የለም። ብዙ ሰው አንዱን ፋይል ሲያስተካክል ይውላል፤ ፕሮግራሙ ግን የሚጭነው ሌላውን ነው።

አድራሻው በ/ሊብ/ኤክስ86_64 ወይም በ/ዩኤስአር/ሊብ/ኤክስ86_64 ከጀመረ የሲስተሙ ላይብረሪ ነው። በአሁኖቹ ኡቡንቱዎች ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸው፤ አይምታታባችሁ። በ/ዩኤስአር/ሎካል ወይም በ/ኦፕት ከጀመረ፣ ሰው በእጁ የገነባው ኮምፓይለር ነው። አናኮንዳ ወይም ሚኒኮንዳ የሚል ካለበት፣ የፓይተን ዕቃ ጣልቃ ገብቷል። «ኖት ፋውንድ» ካለ ደግሞ ምንም አላገኘም።

ጥንቃቄ፦ ከየት እንደመጣ በማታውቁት ፕሮግራም ላይ ኤልዲዲን አትጠቀሙ፤ ፕሮግራሙን ሊያስነሳው የሚችልበት ሁኔታ አለ። ለእንደዚያ ዓይነቱ ኦብጅደምፕ -ፒ ብላችሁ የፋይሉን ስም ስጡት። የሚፈልገውን ዝርዝር ሳያስነሳው ያነብላችኋል።

4. ያ ላይብረሪ የያዘውን ዝርዝር አውጡ።

ስትሪንግስ /ዩኤስአር/ሊብ/ኤክስ86_64-ሊኑክስ-ግኑ/ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6 | ግሬፕ ግሊብሲኤክስኤክስ_3 | ሶርት -ቪ | ቴይል

ግሊብሲኤክስኤክስ የሚለው በትልልቅ ፊደላት ነው፤ ሶርት አጠገብ ያለው ቪም ትልቅ ነው። በደረጃ 3 የተለየ አድራሻ ካያችሁ እዚህ ያንን ተኩበት። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቁጥር ላይብረሪው የሚያውቀው የመጨረሻው ምልክት ነው።

ለማመሳከሪያ፣ የኮምፓይለሩ ቁጥርና ምልክቱ እንዲህ ይገናኛሉ፦ ኮምፓይለር 9.3 እና 10 ከ3.4.28፣ ኮምፓይለር 11 ከ3.4.29፣ 12 ከ3.4.30፣ 13.1 ከ3.4.31፣ 13.2 ከ3.4.32፣ 14 ከ3.4.33። ኡቡንቱ 20.04 በራሱ እስከ 28፣ 22.04 እስከ 30፣ 24.04 እስከ 33 ይዞ ይመጣል።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ፕሮግራሙ የጠየቀው ከላይብረሪው ከበለጠ ምክንያቱን አገኛችሁት። ላይብረሪው የተጠየቀውን ምልክት ይዞ ስህተቱ ካልቀረ ግን የሚጫነው ሌላ ፋይል ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

5. መንገድ የሚያሳስት ነገር ካለ አንሱ።

ኤኮ $ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ

ከዶላሩ ቀጥሎ ያለው በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ነው። ባዶ መስመር ከመጣ ጥሩ ነው፤ እለፉ። የሆነ ፎልደር ካሳየ ግን ሲስተሙ ከራሱ በፊት እዚያ ይፈልጋል ማለት ነው። የድሮ ላይብረሪ ያለበት ፎልደር ከሆነ ችግራችሁ ያ ነው። ለጊዜው አንሱት፦

አንሴት ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ

ፕሮግራሙን ደግማችሁ ሞክሩ። ከሠራ፣ በቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ያለውን .ባሽአርሲ ፋይል ክፈቱና ያቺን መስመር አጥፉ። አለበለዚያ ነገ አዲስ ተርሚናል ስትከፍቱ ተመልሳ ትመጣለች።

ኮንዳ (አናኮንዳ ወይም ሚኒኮንዳ) ካላችሁ መጀመሪያ «ኮንዳ ዲአክቲቬት» በሉና ሞክሩ። ኮንዳ የራሱን ሊብኤስቲዲሲ++ ይዞ ይዞራል። በሲስተሙ ኮምፓይለር የተሠራ ነገር በኮንዳ ውስጥ ስትጠሩ ሁለቱ የሚጋጩት ለዚህ ነው።

6. ኮምፓይለሩን በእጃችሁ ከምንጭ ኮድ ገንብታችሁ ከሆነ፣ የላይብረሪውን ቦታ ለፕሮግራሙ ንገሩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጂሲሲን አውርዳችሁ ገንብታችሁ ስትጭኑት፣ ሌላ ካላላችሁት ኮምፓይለሩ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ፣ ላይብረሪዎቹ ደግሞ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ64 ውስጥ ይቀመጣሉ። ኮምፓይለሩ የራሱን ፎልደር ስለሚያውቅ ኮምፓይል ስታደርጉ ያለ አንዲት ቅሬታ ይጨርሳል። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ክፍል ግን ኡቡንቱም ዴቢያንም ላይ ሊብ64 የሚባለውን አያይም። ስለዚህ ወደ ሲስተሙ አሮጌ ላይብረሪ ሄዶ «ኖት ፋውንድ» ይላል። የትኛውን ኮምፓይለር እንደምትጠቀሙ ለማየት፦

ዊች ጂ++

/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ካለ፣ በእጅ የተገነባው ነው። ፕሮግራማችሁን እንዲህ አድርጋችሁ ደግማችሁ ኮምፓይል አድርጉ፦

ጂ++ ሂሳብ.ሲፒፒ -ኦ ሂሳብ -ደብሊዩኤል,-አርፓዝ,/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ64

ደብሊዩ ትልቅ፣ ኤል ትንሽ ነው። በኮማዎቹ ዙሪያ ክፍት ቦታ የለም። ይህ አድራሻውን ፕሮግራሙ ውስጥ ይጽፍበታል። የምመርጠው ይህን ነው፤ የሚነካው አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ። ሊብ64ን ለጠቅላላው ሲስተም ማስመዝገብም ይቻላል፤ ያኔ ግን የማሽኑ የሲ++ ፕሮግራም ሁሉ በእጃችሁ ወደገነባችሁት ላይብረሪ ሊዞር ይችላል። ግንባታው አንድ ቦታ ላይ ቢሳሳት ጣጣው ለሁሉም ይደርሳል።

7. ፕሮግራሙ ከሌላ ማሽን የመጣ ከሆነ እዚሁ ኮምፓይል አድርጉት።

የኮምቦልቻዋ ተማሪ መፍትሔ ይህ ነበር። የተሠራውን ፕሮግራም ሳይሆን የምንጭ ኮዱን በፍላሽ ተቀበለች፤ በራሷ ኮምፓይለር ሠራችው፤ አለቀ። እዚሁ የተሠራ ፕሮግራም እዚህ የሌለ ዕቃ አይጠይቅም።

የምንጭ ኮዱ ከእናንተ ጋር ካልሆነ፣ ሠሪው ማሽን ላይ እንዲህ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ፦

ጂ++ ሂሳብ.ሲፒፒ -ኦ ሂሳብ -ስታቲክ-ሊብኤስቲዲሲ++ -ስታቲክ-ሊብጂሲሲ

ይህ ከዕድር መዋሱን ትቶ ዕቃውን ፕሮግራሙ ውስጥ ይዞ እንዲመጣ ያደርገዋል። ፋይሉ ይተልቃል፤ ግን ይሠራል። አንድ ነገር ግን አይፈታም፤ ሊብሲን። 24.04 ላይ የተሠራ ፕሮግራም ግሊብሲ 2.38ን ሊጠይቅ ይችላል፤ 22.04 ደግሞ ያለው 2.35 ነው። ያ ከመጣ አማራጩ ሁለት ነው፦ አሮጌው ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግ ወይም የእናንተን ኡቡንቱ ወደ አዲሱ ማሳደግ። ሊብሲን ብቻ ነጥሎ ማምጣት የሚባል ሦስተኛ መንገድ አትሞክሩ።

8. «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ስህተት ከሆነ ሁሉንም በአንድ ኮምፓይለር ደግማችሁ ሥሩ።

ከኮምፓይለር 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 ወዲህ፣ ስትሪንግና ሊስት የሚባሉት የሲ++ ዓይነቶች ውስጣቸው ተቀይሯል። ላይብረሪው የድሮውንም የአዲሱንም መልክ ይዟል። ችግሩ የሚመጣው የፕሮጀክታችሁ ግማሽ በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ ሲሠራ ነው። አንዱ የሚያቀብለውን ስትሪንግ ሌላው አያውቀውም።

ሜክ ክሊን
ሜክ

የመጀመሪያዋን ትእዛዝ አትዝለሉ። ሜክ ያልተቀየረን ፋይል እንደገና ስለማይሠራ፣ ሳታጸዱ ካስነሳችሁት አሮጌዎቹን ቁርጥራጮች እንዳሉ ያያይዛቸዋል።

ግማሹ የሰው ላይብረሪ ሆኖ ምንጩ ከሌላችሁ፣ የራሳችሁን ክፍል በሙሉ በዚህ ኮምፓይል አድርጉ፦

-ዲ_ግሊብሲኤክስኤክስ_ዩዝ_ሲኤክስኤክስ11_ኤቢአይ=0

በሙሉ ትልልቅ ፊደል ነው። «በሙሉ» ያልኩትን ያዙልኝ። አንድ ፋይል ብቻ በዚህ ብትሠሩ ግጭቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወራችሁት እንጂ አልፈታችሁትም።

9. የሲስተሙ ላይብረሪ ራሱ ከተጎዳ እንደ አዲስ ጫኑት።

እዚህ የምትደርሱት ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ላይ እንቢ ካሉ ነው። አፕዴት መሃል ላይ መብራት ሄዶባችሁ ከሆነ መጀመሪያ በሩት ተርሚናሉ፦

ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ
አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል

የመጀመሪያው በጅምር የቀሩትን ያስጨርሳል፤ ሁለተኛው የጎደለውን ያሟላል። ከዚያ፦

አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል ሊብኤስቲዲሲ++6

10. አፕት ራሱ ከሞተ በዲፒኬጂ ግቡ።

ይህ ለዘገዩት ነው፤ ሊንኩን አስቀድመው ለሰረዙት። ተስፋ አትቁረጡ። አፕት ከሥሩ የሚጠቀምበት የፓኬጅ መጫኛ ዲፒኬጂ የተጻፈው በሲ ስለሆነ ሊብኤስቲዲሲ++ን አይፈልግም። አፕት ሲወድቅ እሱ ቆሞ ይቀራል።

የተሰረዘው ሊንኩ ብቻ ከሆነ ይህቺ አንዲት ቃል ትበቃለች፦

ኤልዲኮንፊግ

ፎልደሮቹን ዞሮ፣ ዋናውን ፋይል አግኝቶ፣ ሊንኩን ራሱ መልሶ ይሠራዋል። እናንተ በእጃችሁ ሊንክ ከምትሠሩ እሱ ቢሠራው ይሻላል፤ የፋይሉን ቁጥር አይሳሳትም። ይህን ነግሬው ስልኩን ሳይዘጋ አፕት የተነሳለት ልጅ አለ። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ፎረማት ስለማድረግ ሲያስብ ነበር።

ዋናው ፋይልም ከተሰረዘ ፓኬጁን ማግኘት አለባችሁ። እዚህ ውስጥ እዩ፦ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ። «አፕት» የሚለው ትእዛዝ ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ስለሚያጸዳ ባዶ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ያኔ በስልካችሁ የኡቡንቱን (ዴቢያን ከሆነ የዴቢያንን) የፓኬጆች ገጽ ክፈቱ፤ የራሳችሁን ቨርዥን ምረጡ፤ ሊብኤስቲዲሲ++6ን ለኤኤምዲ64 አውርዱ። ማሽናችሁ ኢንቴል ቢሆንም ስሙ ኤኤምዲ64 ነው። በኬብል ወይም በፍላሽ አዛውሩትና፦

ዲፒኬጂ -አይ ሊብኤስቲዲሲ++6 ብሎ የሚጀምረው ፋይል

ሊብሲ ከሆነ የተጎዳው፣ እዚህ ያለው ምንም አይሠራም። ማሽኑን በፍላሹ አስነሱ፤ ከሁሉ በፊት ፋይሎቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ይሞከር ወይም እንደ አዲስ ይጫን። የመመረቂያ ሥራ ያለበት ማሽን ላይ ብቻችሁን አትለማመዱ።

11. አረጋግጡና ከዚያ ብቻ ሪስታርት አድርጉ።

ዲፒኬጂ --ቬሪፋይ ሊብኤስቲዲሲ++6
አፕት --ቨርዥን
ኤልዲዲ -አር ./ሂሳብ

የመጀመሪያው ዝም ካለ ፋይሎቹ ደህና ናቸው፤ ዝምታው መልስ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ካወጣ አፕት ተነስቷል። ሦስተኛው ላይ «ኖት ፋውንድ» ወይም «አንዲፋይንድ» የሚል ካልታየ ፕሮግራሙ የሚጠይቀውን ሁሉ አግኝቷል። ሦስቱም ካለፉ የሩት ተርሚናሉን ዝጉ፤ ሪስታርት አድርጉ።

አዲስ ኮምፓይለር የግድ ካስፈለጋችሁ

አሮጌውን ሳትነኩ ከጎኑ ጫኑ፤ ለምሳሌ 22.04 ላይ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂ++-12

ከዚያ ስትፈልጉት በሙሉ ስሙ ጥሩት፤ «ጂ++-12 ሂሳብ.ሲፒፒ» ብላችሁ። ዋናውን ጂሲሲና ጂ++ ወደ አዲሱ ለማዞር አትቸኩሉ። አንዳንድ የዋይፋይ ድራይቨሮችና ቨርቹዋልቦክስ የመሳሰሉት ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) በተቀየረ ቁጥር ማሽናችሁ ላይ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋሉ፤ ከርነሉ ከተሠራበት ኮምፓይለር ጋር ካልተስማሙ እንቢ ሊሉ ይችላሉ። ኮምፓይለር የቀየረ ሰው ከሳምንት በኋላ «ዋይፋዬ ጠፋ» ብሎ ሲመጣ ሁለቱን ነገር አያገናኛቸውም።

ከኡቡንቱ ውጭ ካለ የፓኬጅ ምንጭ ኮምፓይለር ካመጣችሁ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ሊብኤስቲዲሲ++6ንም አብሮ ያሳድገዋል። ማደጉ ችግር የለውም። ችግሩ ሐሳባችሁን ለውጣችሁ ምንጩን ስታስወግዱና ላይብረሪው ወደ ድሮው ሲመለስ ነው። በመሃል የሠራችኋቸው ፕሮግራሞች ሁሉ «ኖት ፋውንድ» ይላሉ። ዝቅ ካደረጋችሁ በአሮጌው ደግማችሁ ኮምፓይል ማድረግ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ እወቁ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ከጓደኛ ማሽን ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6ን ገልብጦ ሲስተም ፎልደር ውስጥ መጣል። ለዛሬ ሊሠራ ይችላል። በሚቀጥለው አፕዴት ግን ዲፒኬጂ የማያውቀው ፋይል ሆኖ ይቀራል፤ ኤልዲኮንፊግም ቁጥሩ ከፍ ያለውን ስለሚመርጥ ሊንኩን ወደ እሱ ያዞረዋል። ጥፋቱን መፈለግ ከባድ የሚሆነው ያኔ ነው።
- ግሊብሲኤክስኤክስንና ግሊብሲን ማምታታት። ሁለት ፊደል ነው ልዩነቱ፤ መፍትሔው ግን ለየቅል ነው።
- የላይብረሪ መንገዱን በሱዶ ፊት ማዘጋጀት። ሱዶ ለደህንነት ብሎ ይጥለዋል። «በራሴ ስም ይሠራል፣ በሱዶ እንቢ ይላል» የምትሉት ለዚህ ነው።
- የዴቢያን ፓኬጅ ኡቡንቱ ላይ መጫን። ስሙ አንድ ቢሆንም የሚጠይቀው ሊብሲ ይለያያል።
- አንዱ ሳይሠራ ሌላውን እየደራረቡ መሞከር። አንድ ነገር ቀይሩ፤ ፕሮግራሙን አስነሱ፤ ካልሠራ ወደነበረበት መልሱት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ አሁንም ካልተነሳ፣ ስትጠይቁኝ ሦስት ነገር በፎቶ ላኩልኝ፦ የስህተቱን ሙሉ መስመር፣ የኤልዲዲን መልስ፣ እና «ካት /ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊዝ» የሚያወጣውን። እስክመልስላችሁ የሩት ተርሚናሉ ክፍት፣ ቻርጀሩም እንደተሰካ ይቆይ።